ያልተቆረጠው እጅጌ

በለጠች የኮቱን እጅጌ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ጭኗ ላይ አንጥፋ በመዳፏ ትጫነዋለች። የክሩን ጫፍ በምራቋ አሹላ መርፌው ውስጥ ትሰዳለች፤ ከዚያ አንድ ጣት፣ አንድ ጣት እያራራቀች ትወጋለች። እንዲህ ያለው ስፌት ለጊዜው ነው፤ ጫፉን ከሳቡት ሙሉው ይፈታል። መቀሱን ግን አልነካችውም።

"ያላ፣ ቁረጪው እንጂ!" አለ ቻላቸው፣ የሙዚቃ ተውኔቱ አዘጋጅ። "ከሰዓት መድረክ ላይ ነን። ልጁ ደሴ እዚህ ኮት ውስጥ ገብቶ ጠፋ እኮ።"

"ኮቱ ባለቤት አለው።"

ተውኔቱ እዚህ ሱዳን የገዳሪፍ ሰፈራቸውን ጉድ ነው የሚያወጣው፤ በሞተር ሳይክል እየመጡ ቢላ የሚመዙትን ነጣቂዎች። ዘፈኖቹን የጻፈው ፊሊጶስ ነው። ዋናውን ሰው፣ ዝም አልልም ያለውን ተሸካሚ፣ የሚጫወተውም እሱ ነበር። ታዲያ በአንዱ ዘፈን የነጣቂዎቹን አለቃ ሞተር ከነቀይ መቀመጫው፣ ከነተሰበረ መስታወቱ ገለጸዋ! ልምምዱን ካጥር ወዲያ የሰማ ሁሉ አወቀው። በሳምንቱ "ምላስህን እንቆርጣታለን" የሚል መልእክት ደረሰው። በማለዳ ማሽላ በጫነ መኪና ወደ ሾዋክ ሄደ። ይኸው ሁለት ወር፣ ስልኩ አይሠራም፤ ቦታውንም ኮቱንም የያዘው አጭሩ ደሴ ነው። ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ለበለጠች ሽማግሌ ሊልክ ነበር።

ኮቱን ስትሰፋለት ሜትሯ ጠፍቶባት የለካችው በክር ነው። ክንዱ እስከዚህ፣ ትከሻው እስከዚህ እያለች ቋጠሮ አሰረችበት። ክሩ ዛሬም ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ አለ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አውጥታ ከራሷ ክንድ ጋር ታስተያየዋለች፤ የሱ ሁልጊዜ አንድ ስንዝር ይተርፋል።

አርብ ከሰዓት ግቢው ጢም አለ። ደሴ ደህና ዘፈነ። ስለ ሞተሩ የተጻፈው ዘፈን ላይ ደርሶ እጁን ወደ ላይ ሲወረውር ክሩ ተበጠሰ፤ እጅጌው ወርዶ እጁን ዋጠው።

"ኧረ ልጁን ኮት በላው!" አለች ሻይ ሻጯ ራሒማ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ቻላቸው በለጠችን በዓይኑ ገደላት፤ እሷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ደሴ ዘፈኑን አቆመ። የተንጠለጠለውን እጅጌ ወደ ሰው ዘረጋ።

"እውነታችሁን ነው፣ የኔ አይደለም። የፊሊጶስ ነው።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ቀድማ ዘፈኑን ያነሳችው ያችው ራሒማ ናት። ለካ ካጥር ወዲያ ሲሰማ የከረመው ሁሉ በቃሉ ይዞት ኖሯል! ቀይ መቀመጫውን አሉት፣ የተሰበረውን መስታወት አሉት፤ ግቢው ሙሉ ዘፈነው።

በለጠች በማግስቱ እጅጌውን እንደገና አጠፈችው፤ አሁንም ለጊዜው። ይህን የምታነብቡትንም አንድ ነገር ትለምናለች፦ "ወደ ሾዋክ፣ ወደ ከሰላ የምትሄዱ፣ ረጅም፣ ሲራመድ ግራ ትከሻው ዘንበል የሚል ፊሊጶስ የሚባል ሰው ካገኛችሁ፣ ዘፈኑን አሁን ሰፈሩ ሁሉ ይዘፍነዋል በሉልኝ። የስንቱን ምላስ ይቆርጣሉ? እጅጌህንም አልቆረጠችውም በሉት። መምጣቱ ቢቀር እንኳ ይደውል።"