መዳፍና ቁመታሞቹ ወይፈኖች

ሰፈሩ «መዳፍ» ይላታል። ከብት ስትገምት ዓይኗን አታምንም፤ ጎድኑን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ የጅራቱን ሥር ትጨብጣለች፣ ከዚያ «ደልቧል» ወይም «ገና ነው» ትላለች። በቃ። ሃያ ዓመት ሙሉ በአባቷ ከብት ማድለቢያ ስትሠራ ተሳስታ አታውቅም። ታላቅ ወንድሟ ግን በዓይኑ ብቻ የሚገዛ፣ ቁመት ካየ ልቡ የሚጠፋ ሰው ነው። አባት ሲሞቱ በረቱ ለሁለቱ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።

ዘንድሮ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ዐሥራ ሁለት ቅልጥመ ረጃጅም ወይፈኖች!

«በሦስት ወር አድልቤ ለሥጋ ነጋዴው አስረክባለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ገና እያደጉ ነው» አለችው። «ረጅም ዘር የሚበላው መጀመሪያ ለአጥንቱ ነው፣ ቀጥሎ ለሥጋው፤ ጮማ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ስድስት ወር ይጠብቋቸው። በሦስት ወር የሚደልበው ይሄ የኔው አጭሩ ነው።»

አጭሩ የምትለው በዕድሜ እኩያቸው የሆነ፣ እግሩ ያጠረ፣ ደረቱ የሰፋ ወይፈን ነው።

«ይሄ ድንክ? ከብት ነው በርጩማ?» ብሎ ሳቀባት። «እንዲያውም ስሚ! በሦስት ወር ካልደለቡ እኔ ከዚህ በረት እወጣለሁ። ከደለቡ ግን ጨርቅሽን ጠቅልለሽ ውልቅ!»

ይሄን ያለው በሠራተኞቹ ፊት ነው። ሌላ ቤት የላት፣ ሌላ ሙያ የላት። ደሟ ፈላ። «እሺ» አለች።

ሦስት ወር አበላቻቸው፤ አጭሩንም ጨምራ፣ ሁሉንም ከአንድ ገንዳ። ወንድምየው ሰላምታ እንኳ ነፈጋት፤ እሷም አልለመነችውም። ረጃጅሞቹ የበሉት ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው።

ቀኑ ደረሰና ነጋዴው አንዱን ረጅም አሳረደ። ቆዳው ሲገፈፍ ቀይ ብቻ፤ ነጭ የሚባል ነገር የለውም።

«ይሄን ለማን ልሽጠው? የቀሩትን አልወስድም» አለ ፊቱን አኮሳትሮ።

ወንድምየው ታዲያ ያፍራል? ምን በወጣው! ጣቱን ወደ እህቱ ቀሰረ። «እሷ ናት! በረቱን ልትወስድ ብላ አስርባብኛለች። መጋቢዋ እሷ አይደለችም?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እውነት መናገሯ ራሱ ወንጀል ሆኖ አረፈው። ሃያ ዓመት ያበላ እጅ ከብት አስራቢ ሊባል! «አጭሩን እረዱት» አለች።

ታረደ። ጀርባው በጮማ ነጭ ሆኗል።

«ሁሉም የበሉት ከአንድ ገንዳ ነው?» አለ ነጋዴው ሠራተኞቹን።

«ከአንድ ገንዳ፤ መኖውን የምንገለብጠው እኛው ነን» አሉት።

«ለሱማ በጓሮ ደብቃ አብልታዋለች!» አለ ወንድምየው። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!

ዕድሜ ልኳን «ጋሼ፣ እርስዎ» ስትለው የኖረች እህት እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።

«ውጣ!»

«ይውጡ» አላለችም። ዞር ብሎ ሠራተኞቹን ቢያይ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። ወጣ።

ዐሥራ አንዱን ረጃጅሞች ሌላ ሦስት ወር አበላቻቸው፤ ደለቡ፣ ነጋዴውም ወሰዳቸው። ዛሬ «ወንድም አለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው ቢኖር፣ ገንዳዋን መጥረጓን ሳታቆም «ነበረኝ» ትለዋለች።