ከእናቴ ቀሚስ የተሰፋው ቦርሳ

ልጅ ሳለሁ አዳማ ላይ የቀኑ ሙቀት በረድ ሲል የሰፈራችን ልጆች የሚሰበሰቡት ኳስ ሜዳ ወይም ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሳይሆን፣ ሥራ ያቆሙ አንድ አሮጌ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ነበር። አባባ ጉተማ እንላቸዋለን። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ የስፌት መኪናቸውን ሻሸመኔ ሱቅ ለከፈተው ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው፣ ለራሳቸው መቀስ፣ መርፌና በከሰል የሚሞቅ አንድ የብረት ካውያ ብቻ አስቀርተው ነበር።

የዚያ ካውያ ጭስ ዛሬም ይሸተኛል። ክዳኑን ከፍተው ፍሙን ሲጨምሩበት ጭሱ በረንዳውን ይሞላዋል፤ እኛ ዓይናችንን እያሸን እንስቃለን፤ እሳቸው አመዱን እፍ ይሉና ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ብረቱን ነካ ያደርጉታል። «ትስስ» ካለ ደርሷል ማለት ነው። ያኔ ግቢው ፊት ለፊት ያለው የኒም ዛፍ በነፋሱ ሲወዛወዝ፣ መንገድ ላይ ጋሪው ሲያልፍ፣ ካውያው ባለፈበት ጨርቅ ላይ የሚቀረው ሙቀት ከእጄ መዳፍ ላይ አሁንም ያልጠፋ ይመስለኛል።

ከልብስ ሰፊዎች ሱቅ ተጠርጎ ከሚጣለው ቁርጥራጭ የማይሠሩት ነገር አልነበረም። ከቲሸርት እጅጌ የፀጉር ማስያዣ፣ ከሱሪ ኪስ የእስክሪብቶ መያዣ፣ ከስኳር ከረጢት የገበያ መያዣ ይሠራሉ፤ ለምንም የማይሆነው ደግሞ በቀጭን በቀጭኑ ተተልትሎ እንደ ሹሩባ ይጎነጎንና ክብ የእግር መጥረጊያ ይወጣዋል። የእኛም እጅ ሥራ አይፈታም ነበር። ወንዶቹ ቆርኪ እየበሱ በሽቦ ላይ ይሰካሉ፣ ለበር መጋረጃ። ሴቶቹ የወዳደቀ የሸሚዝ ቁልፍ በላስቲክ ላይ እየደረደርን አምባር እንሠራለን። እኔ በሠራሁት አምባር ላይ ሁለት ቁልፍ መልኩ ገጥሞ አያውቅም፤ አባባ ጉተማ ግን እያገላበጡ ያዩና «ይሄማ የሙሽራ ነው» ይሉኛል፣ ሳይስቁ።

እርግጡን ለመናገር የምንሄደው ለአምባሩ አልነበረም፤ ለተረቱ ነበር። ተረቱ ደግሞ የራሱ ደንብ ነበረው። እሳቸው መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ስለተሳናቸው እኛ በተራ እናስገባላቸዋለን፤ የገባው ክር እስኪያልቅ ይተርኩልናል። ክሩ ሲያልቅ ቋጥረው በጥርሳቸው ብጥስ ያደርጉታል፤ ተረቱም የትም ይድረስ የት እዚያው ያበቃል። አንድ ጊዜ ጅብ ሱሪ ሊያሰፋ ከልብስ ሰፊ ቤት ገባ። ወገቡ ተለካ፣ ቁመቱ ተለካ፤ ልብስ ሰፊው ወደ በሩ እያፈገፈገ «ጌታዬ፣ ለጅራትዎ ቀዳዳውን ወዴት በኩል ልተውልዎ?» ብሎ ሲጠይቀው ክሩ አለቀ። ጮህን፣ ለመንን፣ ሌላ ክር አስገባን። እሳቸው ግን በአዲሱ ክር የጀመሩት የሌላ አገር የሌላ ሰው ታሪክ ነበር። ጅቡ ምን ብሎ እንደመለሰ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ተራዬ ሲደርስ ተንኮል አሰብኩ። ክሩን ከበረንዳው ምሰሶ እስከ ኒሙ ዛፍ ድረስ ስቤ ቆረጥኩና አስገባሁላቸው። ቢጎትቱት ቢጎትቱት አላልቅ አለ።

«ኢጆሌ» አሉ፤ ልጆች ሲሉን ነው፤ «ሰናይት ዛሬ ያመጣችልኝ ክር አይደለም፤ መኪና የሚጎተትበት ገመድ ነው።»

ሁሉም ሳቁብኝ። ክሩ አራት አምስቴ ሳይመላለስ ተወሳሰበና ያን ምሽት ሙሉ ቋጠሮ ሲፈቱ አመሹ፤ ተረት የሚባል ነገር አልሰማንም። ልጆቹ ሁለት ቀን አኮረፉኝ።

በዚያው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ሞተች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ስለ ሕመሟ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ሰው ዝግ ብሎ ሲያወራና እኔ ስገባ ዝም ሲል ብቻ ትዝ ይለኛል። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር ሐዘኑን ሳይጨርስ ወደ መንገዱ ተመለሰ፤ አክስቴ አስካለ፣ የአባቴ እህት፣ ከሁሩታ መጥታ ቤቱን ያዘች።

እንደ ወጉ የእናቴ ልብስ ለተዝካሯ ቀን ለነዳያን ሊሰጥ ነበር። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልብሱን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ማዳበሪያው ስታስገባ በእያንዳንዱ ላይ ታለቅስ ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው በአንደኛው ላይ ነው፦ ነጫጭ አበባ የፈሰሰበት አረንጓዴ ቀሚስ፣ እናቴ ቤት ስትውል የምትለብሰው። አክስቴ ውጪ ስትወጣ አንስቼ አንገትጌው ውስጥ አፍንጫዬን ቀበርኩ። እናቴ እዚያ ነበረች። የፀጉር ቅባቷ፣ የምትከትፈው ሽንኩርት፣ ላቧ፣ ሁሉም ነበር። ያኔ በዚህ ዓለም ላይ ከእናቴ የቀረው እዚያ ጨርቅ ውስጥ ያለው ብቻ መስሎ ተሰማኝ፤ እሱም ከሄደ ሁለተኛ ልትሞትብኝ ነው።

የልጅ ጭንቅላቴ መላ መታ። ቀሚስ ሆኖ ከተገኘ ይሰጣል፤ ቦርሳ ሆኖ ከተገኘ ግን የልጅ ቦርሳ ለነዳያን የሚሰጥ የለም። በማግሥቱ ደብተሮቼን አልጋ ሥር ትቼ ቀሚሱን የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ወሸቅሁና በቀጥታ በረንዳው ላይ ወጣሁ።

«አባባ፣ ቦርሳ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

ጨርቁን በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት፤ ቀና ብለው አዩኝ። የማን እንደሆነ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ለቅሶ ቤት ከእኛ ጋር ሲቀመጡ ከርመዋል። ግን አልጠየቁኝም። «በሦስተኛው ቀን ኮቱ» ብቻ አሉኝ፤ ነይ ማለታቸው ነው። እኔም ቀሚሱን ትቼላቸው ሄድኩ። ስለ ሽታው አልነገርኳቸውም። እንዲህ ያለው ነገር የሚነገር አይመስለኝም ነበር፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊ ያገለገለ ጨርቅ ሳያጥብ መቀስ አያሳርፍበትም። ከተሰፋ በኋላ ቢታጠብ ይሸበሸባል፣ መልኩ ይበላሻል፤ የሙያው ሀ ሁ ነው። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን በሦስተኛው ቀን እየሮጥኩ ስደርስ ያየሁት፣ የእናቴ ቀሚስ በልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ተሰጥቶ ጫፉ ውኃ ሲያንጠባጥብ ነው። ሄጄ አንገትጌውን ያዝኩት። የልብስ ሳሙና ሸተተኝ። ሌላ ምንም የለም።

«አንተ ነህ ያጠብከው?» አልኳቸው።

በእኛ ሰፈር አንድ ልጅ አባት ለሚሆን ሰው፣ ያውም ለአባባ ጉተማ፣ አንተ ሲል ተሰምቶ አይታወቅም። የወንዶቹ ቆርኪ እንኳ መንቃጨሉን ተወ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ፣ ግራ ገብቷቸው። «ምነው ልጄ?»

«ሽታዋን! የእናቴን ሽታ አጠብከው!»

እያለቀስኩ ሮጥኩ። ያን ቀን ወደኋላ ዞሬ ባለማየቴ እስካሁን ደስ ይለኛል፤ ፊታቸውን ባየው ኖሮ ከህሊናዬ አይወጣም ነበር።

ከዚያ ወዲያ በረንዳው ላይ አልወጣሁም። ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ብዬ የልጆቹን ሳቅ እሰማለሁ፣ አንድ ተረት እንደተጀመረ አንድ ተረት እንደተቋረጠ ከጩኸታቸው አውቃለሁ። ጠላኋቸው። ደግሞ ናፈቁኝ፤ ሁለቱ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ያኔ ነው ያወቅሁት። የተዝካሩ ቀን እየቀረበ ሲመጣ አክስቴ ልብሱን ስትቆጥር ቆይታ «አረንጓዴው ቀሚስ የት ገባ?» አለችኝ። «እንጃ» አልኩ። ሽታው ከሄደ ቀሚሱ የትም ቢገባ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ቸግሮኛል።

አንድ አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ አክስቴ ፋኖስ ስትለኩስ በሩ ተንኳኳ። አባባ ጉተማ ነበሩ። ከለቅሶ በቀር በረንዳቸውን ለቅቀው የሰው ቤት ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። «አካም ጅርቱ፣ አስካለ» ብለው ገቡ፤ እሷም በኦሮምኛ መልሳላቸው ወንበር አቀረበች። እኔ ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ ተሸጎጥኩ።

«ሰናይትን ፈልጌ ነው» አሉ። «ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ?» አለች አክስቴ። «ይቺን ጭብጥ የማትሞላ ልጅ? ምን አድርጋ ነው?»

«እሷ ምንም አላደረገች። ሳልጠይቃት አጠብኩባት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገሩልኝ፣ ማለቴ ነገሩብኝ። ቀሚሱንም፣ ቦርሳውንም፣ ሽታውንም። ነግረው ሲጨርሱ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁ፤ ትገርፈኛለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

አባባ ጉተማ ከጋዜጣ ጥቅልል ውስጥ ቦርሳውን አወጡ። በትከሻ የሚንጠለጠል ሆኖ፣ ውስጡ ነጭ የስኳር ከረጢት ገበር ተደርጎለታል። ነጫጮቹ አበቦች ፊት ለፊት ገጥመው ተሰልፈዋል። አምሮ ነበር፤ ማማሩ ይበልጥ አናደደኝ። እሳቸው ግን የሚያሳዩኝ አበቦቹን አልነበረም፤ የቦርሳውን አፍ ነበር።

«ይሄ የቀሚሱ የታችኛው እጥፋት ነው» አሉ። «ሁሉንም ስፈታ ይሄን አልፈታሁትም። የእጅ ስፌት ነው። እናትሽ ቀሚሱ ረዝሞባት ራሷ ነች ያሳጠረችው። አስካለ፣ እስቲ ፋኖሱን።»

አክስቴ ፋኖሱን አቀረበች። ከእጥፋቱ ላይ ደቃቅ ስፌት በመስመር ሲሄድ ታየኝ፣ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቀይ። በእጃቸው መርፌ አልነበረም፣ ክርም አልነበረም። በጣታቸው ብቻ እየተከተሉ ጀመሩ።

«እዚህ ጋ አርፋ ቁጭ ብላለች፤ ስፌቱን እዪው፣ እኩል ነው፤ ቀን ነው፣ ብርሃን አላት። እዚህ ጋ አረንጓዴው ክር አልቆባት ቀይ አስገባች፤ ከውስጥ በኩል ነው፣ ማን ያይብኛል ብላ። እዚህ ጋ ሰፋ ሰፋ እያለ ሄደ፤ ቸኩላለች፣ ወጥ ጥዳ ይሆናል። እዚህ ደግሞ...» ጣታቸው ቆመች። አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ሳይሰፋ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ ስፌቱ በአዲስ ቋጠሮ ይቀጥላል። «እዚህ ጋ ተነስታለች። ሰው ጠርቷታል። መርፌውን ሰክታ ሄዳ ስትመለስ የት ላይ እንዳቆመች ጠፍቷታል።»

«ማን ነው የጠራት?» አልኩ፤ ካኮረፍኩ ወዲህ ያልኳቸው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እዚህ ቤት እሷን ቀኑን ሙሉ ሲጠራት የሚውለው ማን ነበር?»

እናቴ ከሞተች በኋላ እንደዚያ አላለቀስኩም ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ «አንተ ስላልኩዎ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ራሴን እየዳበሱ፣ «እናቴ ከሞተች ወዲህ ተቆጥቶ አንተ ያለኝ ሰው አልነበረም» አሉ፤ «ደስ ብሎኛል ብልሽ ታምኚኛለሽ?» ሲሉ ድምፃቸው የቀልድ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ የቀልድ አልነበረም። አክስቴ ቦርሳውን ከእጃቸው ተቀብላ እኔ ትከሻ ላይ አንጠለጠለችው፤ «ይሄማ ለማንም አይሰጥም» አለች።

አሁን ሴት ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከአሮጌ ጂንስ ቦርሳ፣ ከቆርኪ የጆሮ ጌጥ ትሠራለች፤ ሁሉንም የምትማረው ከስልኳ ነው። እኛ ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ እንሠራ ነበር ስላት አይዋጥላትም። ባለፈው ላሳምናት ብዬ አረንጓዴውን ቦርሳ አወጣሁት። ቀለሙ ለቋል፣ አበቦቹ በጭንቅ ይታያሉ። ስለ ስፌቱ ስነግራት አቅርባ አየችውና፣ «እማ፣ እዚህ ጋ እኮ ማንም አልጠራትም። ክሩ ተበጥሶባት ነው» አለችኝ።

አልተቆጣኋትም። እኔም ስፌት ተምሬያለሁ፤ ክር ሲበጠስ እንዲህ ያለ ክፍተትና አዲስ ቋጠሮ እንደሚተርፍ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። አባባ ጉተማ ይህን አያውቁም ማለት አይቻልም። ያን ምሽት ያጠፉትን የሚመልሱበት ምንም ነገር በእጃቸው አልነበረም፤ ከሚያውቁት ተረት ሁሉ የተሻለውን አመጡልኝ። ካረፉ ብዙ ዓመት ሆናቸው፤ በሕይወት ቢኖሩም አልጠይቃቸውም ነበር።

ለልጄ «ይሆናል» አልኳትና ቦርሳውን መለስኩት። ጥቂት ቆይቶ ከጓዳ «እማ!» ስትል ሰማኋት፤ የያዝኩትን እዚያው ጥዬ ነበር የተነሳሁት። ጓዳው በር ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። እኔም እንዲህ እናቴን ጠርቻታለሁ። እናቴም ተነስታልኛለች።