ሊማሊሞን የወረድኩት ለንስሐ ነበር

ከጎንደር

ከጎንደር በማለዳ የተነሳሁት የንስሐ አባቴን ቄስ ሞላን ፍለጋ ነው። ከከተማ ለቀው ከዛሪማ አለፍ ብላ ወዳለች የትውልድ መንደራቸው ከገቡ ቆይተዋል።

ወላጅ አባቴ ካረጁ ወዲህ ይረሳሉ። «እናትሽ መጣች?» ይሉኛል። እናቴ ከሞተች ብዙ ጊዜዋ ነው። መጀመሪያ «ትመጣለች» እላለሁ። ሲደጋግሙብኝ ግን አንድ ነገር ይፈነዳብኝና፣ አንቱ የምላቸውን አባቴን «ሞታለች አልኩህ እኮ!» ብዬ እጮኽባቸዋለሁ። እሳቸውም መርዶውን እንደ አዲስ ሰምተው ያለቅሳሉ። ትንሽ ቆይተው ይረሱታል። እኔ ነኝ የማልረሳው።

ስንቴ ተናዘዝኩ! ቀኖናዬን ጨርሼ ብዙም ሳልቆይ እዚያው እገኛለሁ። በመጨረሻ በእግዚአብሔር የምቀልድ መሰለኝና ቤተ ክርስቲያን መሄዱንም ተውኩት። ሌሊት ሌሊት እንዲህ እንዳለሁ ብሞትስ እያልኩ እደነግጣለሁ። ፍርሃቱ ሲብስብኝ እህቴን ከአባዬ ዘንድ አስቀምጬ ተነሳሁ።

ዳባትና ደባርቅ

ዳባት ላይ ለቁርስ ከመኪናው ወረድን። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ሻይ ብቻ ጠጥቼ ወደ መኪናው ተመለስኩ። ከዚያ እማማ ዘውዴ የሚባሉ አሮጊት ተሳፍረው አጠገቤ ተቀመጡ። ዛሪማ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የሚሄዱት። ሊማሊሞን ወርደው አያውቁም።

ደባርቅ ገበያ ነበር። ባጃጁ፣ ገብስ የተጫነው ፈረስ፣ በጉ ሁሉ መንገዱን ሞልቶታል። ሾፌራችን ሰይድ ጎማውን ዞሮ አየና፣ «ታች ጉም ነው። ቀስ ብዬ ነው የምወርደው፤ የቸኮለ ሌላ መኪና ይፈልግ» አለ። ማንም አልወረደም።

ሊማሊሞ

መንገዱ ገደሉን ተለጥፎ ይጠማዘዛል። በግራ ድንጋይ፣ በቀኝ ነጭ ጉም ብቻ። ከጉሙ ሥር ምን እንዳለ ስለማውቅ ወደዚያ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ደረስን ወይ ልጄ?» አሉ እማማ ዘውዴ።

«ገና ነን።»

ከአንድ መታጠፊያ በኋላ ደገሙት። ከሌላው በኋላ ሰለሱት። እኔም ያው ነገር ፈነዳብኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ አሁንስ ዝም በይ!» አልኳቸው።

ከፊት የተቀመጡት ዞረው አዩኝ። ወዲያው አንድ ከባድ መኪና ከጉሙ ውስጥ ጡሩንባውን እየነፋ ብቅ አለ። ሰይድ «ያ አላህ!» ብሎ ፍሬን ያዘ። የኋላ ጎማችን ወደ ጠርዙ ተንሸራተተ፤ ሰው «እመብርሃን!» ብሎ ጮኸ። ቆምን። ከሥራችን ጠጠር ሲረግፍ ሰማሁ፤ ሲያርፍ ግን አልሰማሁም።

ሰይድ ሁላችንንም አውርዶ መኪናውን ብቻውን አሳለፈው። ገደሉ ብንገባ ኖሮ በዚህ ዓለም የመጨረሻ ቃሌ ያ ነበር። ያውም ወደ ንስሐ እየሄድኩ!

እማማ ዘውዴ ክንዴን ያዙ። «ደግፊኝ ልጄ፣ እግሬ ከዳኝ።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ። ፈርተሽ ነው። እኔስ መች ለማወቅ ብዬ ጠየቅሁሽ? ስፈራ ነው።»

ዛሪማ

ዛሪማ ሙቀቱ ሌላ አገር ነው። እማማን ከልጃቸው በር አድርሼ በማሽላው እርሻ መሐል በእግሬ አቀናሁ። ቄስ ሞላን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ዛፍ ሥር ነው። መስቀል ተሳልሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሊማሊሞውንም ጭምር። «ሂጂ፣ ሰልችተሽኛል» እንዳይሉኝ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?» አሉ።

«አፈርኩ አባ። ደግሞም ፈራሁ። አባቴ ይረሳሉ፤ እግዚአብሔር ግን አይረሳም።»

«አዎን፣ አይረሳም። አፈር መሆንሽንም አይረሳም።» በመስቀላቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመለከቱ። «በአንድ ቅዳሴ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ የምንለው አንዴ ነው?»

«አይደለም፤ ደጋግመን ነው።»

«ሲያልቅ ንጹሕ ነን ብለን እንተወዋለን? በማግሥቱ እንደገና እንላለን። እኔም ጭምር፣ ልጄ። የሚያድነን አለመውደቃችን ቢሆን ይህ ቤት ባዶውን ይቀር ነበር። ሞቶ ያዳነሽ እሱ ነው። አንቺ ተነሺ፤ ከወደቅሽበት ግን አትተኚ። አባትሽንስ ይቅርታ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም ነበር። ይረሱታል ብዬ እሳቸውን ዘልዬ ነበር ሁልጊዜ ወደ እግዚአብሔር የምሮጠው። ቀኖናዬ እሱ ሆነ፤ በቆጣኋቸው ቁጥር እዚያው እግራቸው ላይ መውደቅ። ቄስ ሞላም ፈቱኝ፤ ባረኩኝ።

ቤት

በመልሱ ጉሙ ተገፎ ነበር፤ ገደሉም እስከ ታች ይታያል። ከመውረዱም የባሰ አስፈራኝ።

አባዬ እግራቸው ላይ ስወድቅ ግራ ገባቸው። «ምን አደረግሽኝ?»

«ጮኼብዎት ነበር።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይማርሽ» አሉና፣ ቆይተው፣ «እናትሽ መጣች?»

«ፈሩ እንዴ አባዬ?»

«ጨለመ እኮ» አሉኝ፣ ከሰዓት በኋላ በጠራራ ፀሐይ። እጃቸውን ያዝኩ።

በዚህ ተፈወስኩ ብል እዋሻለሁ። ሳምንቱ ሳያልቅ፣ በእሑድ ዋዜማ፣ እንደገና ጮኽኩባቸው፤ እንደገና አለቀሱ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ እንደገና ማሩኝ። ፍርሃቱ አለቀቀኝም። ድሮ ግን ከእግዚአብሔር ያሸሸኝ ነበር። በማግሥቱ የቅዳሴው ደወል ሲሰማ ነጠላዬን ለበስኩና፣ እየፈራሁ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ።