አጎቴ «ባዶ ነው» የሚል ሰው አይወድም

አጎቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነው፤ በቁጣውም ከሙያው እኩል ይታወቃል። ሱቁ ጠባብ ናት፦ አንድ ሞርሳ፣ አንድ የዘይት ጣሳ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ ሞረዶች። ጠመንጃ ይዞ የገባ ሰው «ባዶ ነው» ካለ አለቀለት። አጎቴ ረጅሙን ዘንግ በአፈሙዙ ያስገባና እስኪቆም ይገፋዋል። አፈሙዙ ጋ በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ከዚያ አውጥቶ ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክሎ ከጠመንጃው ብረት ጎን ያስተኛዋል። ዘንጉ እስከ ብረቱ መጨረሻ ከደረሰ ጠመንጃው ባዶ ነው፤ ካጠረ ግን ውስጡ የሆነ ነገር አለ። ደንበኞች ይህን እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፤ ውሸታም የተባሉ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው።

አባቴ ታላቅ ወንድሙ ነው፤ የእንግዳ ሁሉ አጫዋች። ከአያቴ የወረሰው፣ በአፈሙዙ የሚጎርስና በባልጩት የሚለኮስ አሮጌ ጠመንጃ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወርደውና እናቴ ላይ አነጣጥሮ «ልገላገላት?» ይላል። ቃታውን ይስባል፣ ባልጩቱ ቋ ይላል፣ እሳት ይረጫል፣ እንግዳው ይንከተከታል። እናቴ ትሪዋን እንደያዘች ትቆማለች። አትስቅም። እኔ ያንን ሳቅ እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ዛሬም ሳስታውሰው ጥርሴን ያፋጨኛል።

ባለፈው ሳምንት አባቴ ያንን ጠመንጃ ይዞ፣ እናቴንና እኔን አስከትሎ ሱቁ ገባ።

«ይሄ ባልጩት ሰልችቶኛል» አለ። «አውጣውና ሲመታ በሚፈነዳው በካፕሱል የሚሠራ አድርግልኝ። እሑድ ቤት ሰው ይመጣል፤ ካፕሱሉ ጧ ሲል ሁሉም ከወንበሩ ይዘላል።»

«መጀመሪያ ባዶ መሆኑን ልይ፣ ጋሼ።»

«ባዶ ነው! ስንት ዘመን ስስበው ኖሬ የለ? ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ አትሁንብኝ።»

«ታላቅነትዎን አከብራለሁ። ዘንጉ ግን ይገባል።»

አስገባው። ምልክት አድርጎ አወጣውና ከብረቱ ጎን አስተኛው። ሦስት ጣት ያህል አጠረ።

የአጎቴ ፊት ጠቆረ። ባሩዱን እንዲያረጥበው ውኃ አፈሰሰበት፤ ጫፉ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ሌላ ዘንግ ሰድዶ ጠመዘዘና ጎተተ። ድቡልቡል የእርሳስ ጥይት ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ተከትሎት የራሰ ጥቁር ባሩድ ፈሰሰ። አያቴ አጉርሶት ነው የሞተው። እናቴን እስከዛሬ ያተረፋት፣ እሳቱን ወደ ባሩዱ የምታሳልፈው ቀዳዳ በዝገት መደፈኗ ብቻ ነው። አባቴ ደግሞ እሷኑ ቀዳዳ አስበስቶ ካፕሱል ሊያስገጥምባት ነበር የመጣው።

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያበላሻል ሲባል አልሰማህም?» ብሎ ጮኸ አጎቴ። ዕድሜውን ሙሉ አንቱ ሲለው የኖረውን ወንድሙን አንተ አለው። «እሑድ ማንን ልትቀብር ነበር? ያውም በእኔ እጅ ሥራ!»

አባቴን ላብ አጠመቀው። አፉ ግን አላረፈም።

«ምን ታካብዳለህ? ምን ሆነች? ይኸው ቆማለች አይደል!»

ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ጥይቱን ከጠረጴዛው አነሳች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«የት ልትወስጂው ነው?» አላት አባቴ።

«የእኔ ነዋ» አለች። «እሑድ ለእንግዶችህ በትሪ አቀርበዋለሁ። ይሳቁ።»