ማርታ በድብቅ የጾመችው ጾም

መጀመሪያ ያየሁት ማስመለሷን ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሰንብቷል። የክርስትና ልጄ ማርታ፣ ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየም ቤታቸው፣ ሶፋ ላይ ተኝታ ታቃስታለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለባት፤ ኢንሱሊኗን የምትወጋውም ራሷ ናት። እናቷ ጽጌ «የበላችው ነገር ይሆናል» አለችኝ። ግን አተነፋፈሷ ፈጣንና ጥልቅ ሆነ። ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነችው።

በኮንትራት ታክሲ ሆስፒታል አደረስናት። ዶክተሩ ደሟንና ሽንቷን አስመርምረው «ኬቶአሲዶሲስ ነው፤ ኢንሱሊን በማጣት ደሟ አሲድ ሆኗል። መርፌውን ካቆመች ስንት ጊዜዋ ነው?» አሉን። እኔም ጽጌም ማቆሟን እንኳ አናውቅም።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት። በሩ ላይ ጥበቃው «እናት፣ ምኗ ነዎት?» አለኝ።

«የክርስትና እናቷ።»

«ወላጇ ገብታለች። የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ነው።»

ልክ ነው። ስትጠመቅ ያቀፍኳት፣ በስሟ «አምናለሁ» ብዬ የመለስኩላት እኔ ነኝ። እዚያ ውስጥ ግን ማንም በስሟ ሊተነፍስላት አይችልም። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መቁጠሪያዬን ያዝኩ። ጸሎቱ ጠፋኝ። እውነቱን ልናገር፣ እግዚአብሔር ላይ ተናደድኩ።

ነቃች ሲሉኝ ለጥቂት ደቂቃ አስገቡኝ። ክንዷ ላይ የተሰካውን ቱቦ እያየች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «እቴቴ፣ ግሉኮስ ጾም ያስፈታል?»

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ የቀረውን እሷው ነገረችኝ። ካቶሊክ ስለሆንን የክፍሏ ልጆች «ካቶሊክ ጾም አያውቅም» እያሉ ያሾፉባታል። የልጆች ቀልድ ነው፤ ክፋት የለውም። እሷ ግን ልታሳያቸው ፈለገች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ትውል ነበር፤ ካልበላሁ መርፌው ምን ያደርግልኛል ብላ ኢንሱሊኑን ተወችው። ዶክተሩ «ባትበዪም ሰውነትሽ ኢንሱሊን ይፈልጋል። መጠኑን እኛ እናስተካክላለን እንጂ አንቺ አታቆሚም» አሏት። እኔ ምን እላታለሁ? እኔ ያስተማርኳት እምነት ሊገድላት ነበር።

ቤት ከተመለሰች በኋላ መርፌዋን ሳታዛንፍ ብትወስድም፣ ቁርስ ግን ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወርድ አላት፤ አንድ ጠዋት ስኳሯ ወርዶ እጇ ሲንቀጠቀጥ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። የቤተ ክርስቲያናችን ካህን፣ ቆሞስ አባ ድረስ፣ እቤቷ መጥተው ሕመምተኛ ጾም እንደማይገደድ ሲያስረዷት ራሷን ነቀነቀች፤ ሳህኑ ግን እንዳለ ተመለሰ። እኔም ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ።

በመጨረሻ «ሁላችሁም ትጾማላችሁ፤ እኔ ብቻዬን እንዴት እበላለሁ?» አለችኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዐቢይ ጾምን ሽሬ አላውቅም። ገና በጠዋቱ አጠገቧ ተቀምጬ ከቁርሷ ቂንጬ አንድ ማንኪያ ጎረስኩ። «ጾም ነው እኮ፣ እቴቴ» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። አልጣፈጠኝም። እሷም ማንኪያዋን አነሳችና ጎረሰች።

ሐኪሞቹንና ሌሊቱን ሙሉ ከአልጋዋ ያልራቁትን ነርሶች አመሰግናለሁ። ፈጣሪንም፣ ከተናደድኩበት በኋላ። አሁንም ጾም በመጣ ቁጥር እፈራለሁ፤ ደጋግሜ ብጠይቃት ትሰለቻለች፣ ዝም ብላት እንቅልፍ አይወስደኝም። እናንተም እንዲህ ያለች የክርስትና ልጅ ካለቻችሁ፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሟን አማክሩ፤ ስለ ጸሎቷ ስትጠይቋት ስለ መርፌዋም ጠይቋት። «ብዪ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ተቀመጡና አብራችኋት ብሉ።