የክራሩ ጅማት

በልጅነቴ፣ በአንድ የጾም ረቡዕ፣ ሞላሌ አጠገብ ባለው ትምህርት ቤታችን የነበርነው መምህራችን ሽማግሌው ቄስ አባ ወልዴ፣ ጓደኛዬ አስካለ፣ እኔና ሌሎች ስድስት ልጆች ነን። ዛሬ የልጅ ልጄ የክራሯን ክር በጥርሷ ስትስብ፣ «ጥርስሽን!» ብዬ ጮህኩና ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ለትምህርት ቤቱ የተላከው ክራር በበቅሎ ተጭኖ ሲደርስ አንዱ ጅማት ላልቶ ነበር። አስካለ ሞራ ሞራ የሚሸተውን ቋጠሮ ነክሳ ሳበችው።

«አንቺ፣ የበግ አንጀት እኮ ነው! ጾም ሻርሽ!» አልኳት።

አለቀሰች። እናቷ ከሰሙ ከትምህርት ቤት ያስቀሯታል።

አባ ወልዴ ሳቁ። «ዋጥሽው እንዴ?»

«ኧረ አልዋጥኩም፣ አባቴ!»

«እንግዲያው ጾምሽ አልተሻረም። ይልቅ አጥብቂውና እንስማው።»

እንባዋን ሳትጠርግ መታችው። እስኪመሽ በየተራ ስንነካው ዋልን።

አስካለ አግብታ ወደ ግሼ ሄደች ሲባል ሰምቻለሁ። ያለችበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።