ያልተማለበት ወረቀት

መጀመሪያ ያየሁት የእስር ክፍሉን ግድግዳ ነው። እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም፣ ከዚያ በላይ የሰው እጅ ያሳደፈው ኖራ። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ። በፖለቲካ ሰበብ ስፈለግ ሸሽቼ ወደ ኬንያው ሞያሌ ከተሻገርኩ ገና ሳምንቴ ነበር። አልፈራሁም፤ አላዘንኩምም። ውስጤ ደንዝዞ ነበር።

አብሮኝ የታሰረው፣ ቡቲዬ በምትባለው ሰፈር ቤቱ ያስጠጋኝ ወንጌላዊ ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ቦረና፤ አማርኛውን የለመደው ከገበያ ነው። ሚስቱ መውለጃዋ ደርሶ ነበር። ደረት ኪሱ ውስጥ የነበረችውን ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ አልወሰዱበትም።

ሦስት ቀን ሙሉ ነገር ስፈልገው ሰነበትኩ። ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ?

«ይሁዳ አንድ ቦታ ታንቆ ሞተ ይላል፤ ሌላ ቦታ ወድቆ ሆዱ ተቀደደ ይላል። የቱ ነው ስህተቱ?»

«ስህተት የለም፣ ምዋሊሙ» አለኝ። አስተማሪ ስለነበርኩ በስዋሂሊ እንደዚያ ነበር የሚጠራኝ። «መጀመሪያ ታነቀ። ገመድ ተበጠሰ። ወደቀ። በቃ።»

«መበጠሱን ማን ነገረህ?»

«ሁለቱም እውነት ነው። ሌላ እንዴት ይሆናል?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሞኝነቱ አናደደኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ቢሮ አስገቡን። የፖሊስ ጣቢያው አለቃ በስዋሂሊ የተጻፈ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ፤ የአሻራ ቀለሙንም አጠገቡ። በገዛ ፈቃዴ ወደ አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ ይላል። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አልወጣም። ወንጌላዊው ደግሞ አስተርጓሚዬ ሆኖ፣ ያልኩት ይኸው ነው ብሎ መጽሐፉን ይዞ እንዲምል ታዘዘ። ከማለ ወዲያው ቤቱ ይገባል፤ እኔን ከሰዓት በኋላ ድንበሩን ያሻግሩኛል። ማዶ የሚጠብቀኝን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ማልና ሂድ» አልኩት። «ሚስትህ ትጠብቅሃለች። ለእኔ ግድ የለም።»

የምሬን ነበር።

መጽሐፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምዋሊሙ፣ አንተ ይሄን ብለሃል?»

«አላልኩም።»

መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ደረት ኪሱ ከተተና ኪሱን ቆለፈ። ለአለቃው በስዋሂሊ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተረጎመልኝ፤ አስተርጓሚ ነዋ።

«እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ስህተት የለም አልኩት። እዚያ ወረቀት ውስጥ አለ። ይሄን ይዤ ለዚያ አልምልም።»

አለቃው ቀለሙን ወደ እኔ ገፋው። አውራ ጣቴን ዘርግቼ ነበር። መልሼ ጨበጥኩት። ያደረግኩት ይህን ያህል ነው።

ወደ ክፍላችን መለሱን። በማግስቱ ምሳ የምታመላልሰው እህቱ ከበሩ ውጪ «ኢንተላ! ኢንተላ!» እያለች ጮኸች። ሴት ልጅ ተወልዳለታለች። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አፈርኩ። ከታሰርኩ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ያለዚያ ወረቀት ሊያሻግሩኝ አልደፈሩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እኔ ስደተኛ ተብዬ ወደ ናይሮቢ ተላክሁ፤ እሱም ተፈታ።

ዛሬም ያንን የይሁዳን ነገር ሳነበው አይገጥምልኝም። ስህተት ነው እላለሁ። በቅርቡ ልጅቱ ደወለችልኝ፤ ትልቅ ሴት ሆናለች። እኔ ስወለድ አባቴ የት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ነግሯት አያውቅም። ነገርኳት፤ አንዲት ቃል እንዳልሳሳት ቀስ እያልኩ።